«የፊርዐውን አበባ» በሐረር በር ላይ

የዚህ ወር የጉዞ ዓምዳችን መነሻ አንዲት ደብዳቤ ናት። ጸሐፊዋ በሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ ስሟን እንዳናወጣ አደራ ብላናለች። የቤታቸው በር ከአያታቸው ዘመን ጀምሮ የነበረ፣ ጉበኑና መቃኑ በአበባ የተቀረጸ የእንጨት በር ነው። አንድ ቀን ቱሪስቶች ይዞ የመጣ አስጎብኚ በሩ ፊት ቆሞ «ይህ አበባ የጥንት ግብፃውያን ምልክት ነው፤ የፊርዐውን አማልክት ከዚህ አበባ ይወለዳሉ ይባል ነበር» ብሎ ሲያስረዳ ታላቅ ወንድሟ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ወንድምየው «የፊርዐውን ጣዖት በራችን ላይ ተቀርጾ ቢስሚላህ ብለን እንገባለን?» ይላል። እናትየው ደግሞ «አባቴና አያቴ ሲሰግዱ የኖሩበትን ቤት ዛሬ የጣዖት ቤት ልታደርገው ነው?» ይላሉ። የላሜራ በር ታዝዟል፤ ለአሮጌው በርም ገዥ መጥቷል። እህታችን የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እውነት የግብፅ ነው ወይ?»

ጥያቄው ቢሮ ተቀምጠን የምንመልሰው ዓይነት አልመሰለንም። ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ሐረር ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ አንልም፤ የጨርጨርን ጥምዝምዝ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ደግሞ ቁርሱን ቀለል አድርጎ ይሳፈር። ጨለንቆን ስናልፍ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። በ1887 በዚያ ሜዳ ላይ ስለወደቁት የሐረር ሰዎች እንደሆነ ሳይነግሩን ገባን። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐረር ስለ በር ለሚጠይቅ ሰው የተመቸች ከተማ ናት። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ዘመን ያስገነቧት ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፤ እያንዳንዱ በር ሐረሪው የሚጠራበትና አማርኛ ተናጋሪው የሚጠራበት ለየቅል ስም አለው። አስመዲን በሪ የሚሉት ሸዋ በር ነው፤ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ ሱቁጣጥ በሪ ሰንጋ በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር፣ በድሪ በሪ ቡዳ በር። አንድን በር በሁለት ስም የሚጠራ ከተማ ለአንድ አበባ ሁለት ታሪክ ቢሰጠው ምን ይገርማል?

እኛ የገባነው በሸዋ በር ነው። ጥቂት እንደሄድን አንዲት የእጅ ሥራ መሸጫ አገኘን። ሙዳዩ፣ ሰፌዱ፣ የብር ጌጡ እንዳለ ሆኖ ዐይናችን አንድ ነገር ላይ አረፈ። ቁመቱ ስንዝር የሚያህል፣ ከእንጨት የተቀረጸ፣ ከታች እንደ መስቀል ሆኖ ከላይ እንደ ቀለበት የተቆለፈ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ምልክት ነው። የጥንት ግብፃውያን «ዓንኽ» የሚሉት፣ በጽሑፋቸው «ሕይወት» ተብሎ የሚነበበው ምልክት ነበር። ቀራጩ ዕድሜው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ቢሆን ነው። «ጥንታዊ ነው?» ብንለው ሳቀ። «ኧረ የምን ጥንት! ባለፈው ሳምንት ነው የሠራሁት» አለን። አንድ ቱሪስት የለበሰው ካናቴራ ላይ አይቶ በስልኩ ፎቶ ካነሣው በኋላ የቀረጸው ነው። «ግብፅ እዚህ ገዝታ ነበር ሲባል ይሰማሉ፤ ከዚያ የግብፅ ነገር የለህም ወይ ይሉኛል። በር የሚያሠራኝ ሰው የለም፤ ይኼን ግን ይገዙኛል» ካለ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀን፦ «ግን ምንድን ነው እሱ?»

ነገርነው። ዕቃውን አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። ስለ እጁ ሥራ ግን መመስከር አለብን፤ መሮው የዋለበት መስመር አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም።

እህታችን ከመኪና ግርግር ጠብቃን ነበር። የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ጩኸት ትተን ወደ ጠባቡ መተላለፊያ ገባን። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ነው፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ሐምራዊ ቀለም ተቀብቷል። በሮቹን እያየን ሄድን። ብዙዎቹ ላሜራ ናቸው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ በ2006 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶቿንና 102 የአውሊያ ቀብሮቿን ጠቅሶ ከሁሉም በላይ ያደነቀው የቤቶቿን የውስጥ አሠራር ነበር። በዚያው መዝገብ ከተማዋን ቀስ በቀስ እያደበዘዙ ካሉት ነገሮች መካከል የእንጨት በሮች በብረት መተካታቸው ተጽፏል። ስናነበው ቀላል ነገር መስሎን ነበር። መተላለፊያው ውስጥ ሆነን ስናየው ግን በር የቤት ፊት መሆኑ ገባን።

የእነ እህታችን በር ከአጥሩ ላይ ነው ያለው። ሁለት ተከፋች ነው፤ ከላይ ጉበኑ ላይ ክብ ክብ አበቦች በሰንሰለት መሰል ሐረግ ተያይዘው በመደዳ ተቀርጸዋል። በመሀል ያለው አበባ ከሌሎቹ ይሰፋል፤ ቅጠሎቹ ስምንት ናቸው፤ ቆጥረናቸዋል። እያንዳንዱ ቅጠል መሀሉ ተፈልፍሎ ጠርዙ ቀርቷል፣ ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ጥላ ይይዛል። መቃኑ ላይ ሐረጉ እስከ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ከጉልበት በታች ግን ወሬ የለም፤ ምስጥ በልቶታል። የግራው ተከፋች ወደ ውስጥ ዘሟል፤ ሲዘጋ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ይህን የምንጽፈው ለወንድምየው ፍትሕ ለመስጠት ነው። እሱ ድሬዳዋ ነው የሚሠራው፤ እናቱና እህቱ ሌሊት በማይዘጋ በር ውስጥ ሲያድሩ እንቅልፍ አይወስደውም። የፊርዐውን ነገር የመጣው በዚህ ላይ ተጨምሮ ነው።

እናታችንን በአገሩ ወግ «አይ» እያልን ሰላም አልናቸው። ቤቱ እንደ ሐረሪ ቤት ደንብ አምስት ነደባ አለው። እንግዳ ስለሆንን ከፍ ካለው ላይ ካልተቀመጣችሁ ብለው ግድ አሉን፤ እኛ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ያለችውን፣ ገብቲ ኸር የሚሏትን መረጥን። ወለሉ ቀይ አፈር ነው፤ የጨለንቆን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። ቁጢው በወተት ፈልቶ ቀረበ። ወንድምየውም መጣና ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ሳይዞር ሳይጠማዘዝ «የግብፅ ነው አይደለም?» አለ።

እኛም ይዘነው የመጣነውን ወረቀትና ሥዕል ዘረጋን። አንባቢም አብሮን ይይ።

ግብፅ ሐረርን መግዛቷ እውነት ነው። በጥቅምት 1875 በራኡፍ ፓሻ የሚመራው የኸዲቭ ኢስማዒል ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ አሚር ሙሐመድም ተገደሉ። ግብፆቹ እስከ 1885 አሥር ዓመት ቆይተው ወጡ፤ አሚር ዐብዱላሂ ተተኩ፤ ከዚያ ጨለንቆ መጣ። አስጎብኚዎቹ አሥሩን ዓመት ይዘው ነው በሩን ለግብፅ የሚሰጡት። ነገር ግን የመጡት ወታደሮችና ሹሞች የኸዲቭ መንግሥት ሰዎች ነበሩ፤ መስጊዳቸው፣ ጽሑፋቸው፣ ቤታቸው የካይሮና የኢስታንቡል ዘመድ ነው። እርግጥ ግብፅ በ1867 ባወጣችው ቴምብር ላይ ፒራሚድና አቡልሀውል ነበሩበት። የፊርዐውናዊው ዘመን ምልክት በግብፃውያን ሕንፃና ሐውልት ላይ የገነነው ግን በ1922 የቱታንኻሙን መቃብር ከተገኘ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ነው። የማሕሙድ ሙኽታር «የግብፅ ትንሣኤ» የተባለው ሐውልት የተመረቀው በ1928 ነው። በዚያን ጊዜ ግብፆቹ ሐረርን ከለቀቁ አርባ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር።

የቱታንኻሙንን ስም ካነሣን፣ እውነተኛው የጥንት ግብፅ የእንጨት ቅርፅ ምን እንደሚመስል እንንገራችሁ። ከመቃብሩ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የእንጨት ራስ ነው፤ በስሱ በኖራ መሰል ልስን ተለብጦ ቀለም ተቀብቷል። የልጅ ንጉሥ ራስ ከተከፈተ አበባ መሀል ብቅ ሲል ያሳያል። አስጎብኚው የተናገረው ነገር ከዚህ የመጣ ነው። አበባው በዐባይ ዳር የሚበቅለው ሰማያዊው የውሃ አበባ ነው፤ ጠዋት ይከፈታል፣ ቀን እኩል ሲሆን ይዘጋል፣ በማግሥቱ እንደገና ይከፈታል። የጥንቶቹ ግብፃውያን ይህን አይተው ፀሐይ በየቀኑ ከእሱ የምትወለድ አድርገው አመኑ። ፈጣሪውን ትቶ ለተፈጠረው መስገድ ማለት ይኸው ነው፤ አበባው ግን አላህ የፈጠረው አበባ ነው፣ ያጠፋው ነገር የለም።

ሥዕሉን ይዘን ወደ በሩ ወጣን። እህታችን ወንበር አምጥታ ቆመችበትና ወረቀቱን ከጉበኑ አጠገብ ያዘችው። የግብፁ አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሣለው ከጎኑ ሲታይ ነው፤ እንደ ማራገቢያ ወደ ላይ የተዘረጋ፣ ቅጠሎቹ ሹል ናቸው። የበሩ አበባ ፊት ለፊት ያያል፤ ክብ ነው፤ ቅጠሎቹ ጫፋቸው ድፍን ነው። ወንድምየው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየ። «አይመሳሰሉም» አለ በመጨረሻ፤ ወዲያው ደግሞ «የማን ነው ታዲያ?» አለ።

ይህ ነው የሚያስቸግረው። በዛንዚባር የድንጋይ ከተማ እንዲህ ዓይነት በሮች በብዛት አሉ፤ በአረብኛ የቁርኣን አንቀጽ የተቀረጸባቸውም አሉ። ስለ እነሱ የጻፉ ፈረንጆችም አበባውን አይተው ወደ ጥንት ግብፅ ሮጠዋል፤ የእኛ አስጎብኚ ምናልባት በዚያ በኩል ሰምቶ ይሆናል። የዛንዚባር በሮች ብዙ ነገር የተዋሱት ግን ከሕንድ፣ በተለይ ከጉጅራት ነው። የሕንዱ የውሃ አበባ ደግሞ ሌላ ተክል ነው፤ የግብፁ ውሃው ላይ ተኝቶ ወይም ከውሃው ጥቂት ብቅ ብሎ ሲያብብ፣ የሕንዱ በረጅም አገዳ ከውሃ በላይ ቆሞ ያብባል። ሁለቱን «ሎተስ» በሚል አንድ ስም መጥራት ነው ሰውን የሚያሳስተው።

ካይሮ ራሷ ብትጠየቅ ምን እንደምትል እንመልከት። ከ1356 ጀምሮ በተሠራው በሱልጣን ሐሰን መስጊድና መድረሳ መግቢያ ላይ የዚሁ ዓይነት አበባ በድንጋይ ተቀርጿል። የአበባው አሣሣል የመጣው ከቻይና ነው፤ በሞንጎሎች ዘመን ከሐርና ከሸክላ ዕቃ ጋር ተጉዞ ነው ወደ ሙስሊሙ ዓለም ጥበብ የገባው። ፊርዐውን ደጃፍ ላይ ያለች ከተማ እንኳ የመስጊዷን አበባ ከቻይና ተውሳለች!

ወደ ሐረር እንመለስ። ከ1887 በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደዚህች ከተማ በብዛት መጡ፤ በአዲስ አበባም ስሙ የታወቀው የመሐመድ አሊ ኩባንያ እዚህ ይነግድ ነበር። በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨትና የድንጋይ ቤት፣ ዛሬ «የሕንድ ቤት» የሚባለው፣ የእነሱ አሻራ ነው። በ1902 ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ መንገዱ አጠረ። የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለውና ዛሬ የሸሪፍ ሙዚየም ያለበት ቤት የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፤ በማግሥቱ ሄደን የእንጨት ሥራውን ስናይ ከእነ እህታችን ጉበን ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች መሰሉን። አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ በዕድሜያቸው ሙሉ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍትም እዚያው አሉ፤ የቆዳ ሽፋናቸው ላይ የታተመው ጌጥ ክብ አበባ አለበት። በሩን ቀራጩ ሕንዳዊ ይሁን ከሕንዳዊ የተማረ ሐረሪ፣ የአበባው መልክ ለሐረር ዐይን እንግዳ አልነበረም ማለት ነው።

አንድ የቀድሞ አናጢ ሽማግሌም አነጋገርን። ዐይናቸው ደክሟል፤ ስለዚህ ጉበኑን በእጃቸው ዳበሱት። «ዋንዛ ነው» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ የሐረጉን መታጠፊያ በአውራ ጣታቸው ተከትለው «አያቴ ከባንያን ነው የተማረው፤ ይኼ እጅ ግን ባንያን አይደለም፣ የእኛ ሰው ነው። ባንያን እዚህ ጋ መሮውን አያነሣም ነበር» አሉን። በፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም። እኛ ግን ከአስጎብኚው ይልቅ አውራ ጣታቸውን እናምናለን።

ሃይማኖታዊው ጥያቄ ግን በሥዕል አይፈታምና ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈሩ መስጊድ የሚያስቀሩትን ሸይኽ ጠየቅናቸው። ወንድምየውም አብሮን ነበር። ሸይኹ በሥዕል ሥራ የሚተዳደር አንድ ሰው ወደ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ የጠየቀበትን ሐዲስ አነሡ፤ ኢብኑ ዐባስ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቂያ ከነገሩት በኋላ፣ የግድ የምትሠራ ከሆነ ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር ሥራ እንዳሉት። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዕፅዋትን መቅረጽ የሚፈቅዱት በዚህ መሠረት ነው። «የሚመለክ ከሆነ ድንጋይም ጣዖት ነው። እናትህ ለዚህ አበባ ሰግደው ያውቃሉ?» አሉት። ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ሸይኹ ሳቅ ብለው «በሩ ካልተዘጋ ግን አዘጋው፤ ቤተሰብህን መጠበቅ ያንተ ነው» ሲሉት ቀና አለ።

በዚህ መሀል ገዥው መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ከፍ ያለ ዋጋ ጠርቷል፤ እኛ ባንኖር ኖሮ ምናልባት ያን ቀን ጨርሶ ይሄድ ነበር። በሩ የት እንደሚሄድ ስንጠይቀው «አዲስ አበባ፣ ከዚያ በኋላ እኔ አላውቅም» አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/2000 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል መሆኑን ነገርነው። «እኔ ከአገር አላወጣም» አለ። እናታችን ቁጢ ቀዱለት፤ ጠጣ፤ አመስግኖ ሄደ። በንግግሩ ውስጥ «ፊርዐውን» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልሰማንም። የሚገርመው፣ ለእሱ በሩ ሐረሪ ነው፤ የሚሸጠውም በዚያ ስም ነው።

ገዥው ቢሄድም ምስጡ አልሄደም። ላሜራው በር በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል፤ ገንዘቡ ተከፍሏል። ያን ጊዜ ነው እህታችን አሳብ ያመጣችው፤ ላሜራው አጥሩ ላይ ይግባ፣ የአያቶቿ በር ደግሞ ዝናብና ምስጥ ወደማይደርስበት ወደ ውስጥ፣ ወደ ቤቱ መግቢያ ይዛወር። ሁላችንም ዝም አልን፤ ለምን ቀድሞ እንዳልታየን አናውቅም። ወንድምየው «የተበላውን ማን ይሞላዋል?» አለ። እኛም ሸዋ በር አጠገብ የተውነው፣ ዓንኽ ቀራጩ ልጅ ትዝ አለን።

እህታችን ሮጣ ጠራችው። ሜትሩንና መሮውን ይዞ መጣ። ከጉልበት በታች ያለውን ክፍል በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ጤነኛው እንጨት የት እንደሚጀምር አዳመጠ፤ ስንት ሣንቃ እንደሚበቃው፣ ሐረጉን ከላይኛው ቀድቶ እንደሚቀጥለው ነገራቸው። ስሙን የማያውቀውን ምልክት ከሚቀርጽበት ጊዜ ይልቅ ፊቱ በራ ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከዚያ የቤቱን መግቢያ ለካ፤ ደግሞ በሩን ለካ፤ እንደገና መግቢያውን ለካ። ጉበኑ ከመግቢያው በአንድ ስንዝር ይሰፋል።

«ከዳርና ከዳር ግማሽ ግማሽ ስንዝር ብቆርጠው ይገባል። ግን ሁለቱ የዳር አበቦች ይሄዳሉ» አለ።

እናታችን በሐረሪ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጆቻቸው ሳቁ። እህታችን ተረጎመችልን። «ግድግዳው ይቆረጥ» ነው ያሉት።

ወንድምየው ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ አየው። ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ያለ ፈቃድም አይነካም። ሰኞ ጠዋት ወደ ቅርስ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እንደሚያመለክት ነገረን። እኛ ቅዳሜ ሌሊት መመለስ ነበረብንና ሰኞን አላየንም። ስንወጣ ግን ልጁ መሬት ተቀምጦ፣ ወረቀት ጉበኑ ላይ ለጥፎ፣ ስምንቱን ቅጠሎች በእርሳስ እያሸ ሲቀዳ ትተነዋል።